ፊልሙ አልቋል፤ ዛሬ ማታ እንልቀቀው?

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መደማመጥ አይቻልም። ጅማ በክረምት እንዲህ ናት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የቡና ጆንያ ተሰቅሏል፤ ድምፅ እንዲውጥ ነው። ጥግ ላይ የካፒቴኑ ወንበር አለ። ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው፤ የብር ቀለም ተቀብቷል። የመርከቡ መቆጣጠሪያ ከተበላሸ ዲኮደርና ከአሮጌ ሪሞቶች የተሠራ ነው። ከኋላ ያለው አረንጓዴ ጨርቅ መርካቶ በሜትር ተገዝቶ እዚያው ተሰፍቷል። የጅማውን መርካቶ ማለቴ ነው።

ስምንት ወር ደክመው የ14 ደቂቃ ፊልም ሠሩ። እኔን የጠሩኝ ሳብታይትሉን እንዳርምላቸው ነበር። አርሜ ስጨርስ አንደኛው ወደ እኔ ዞረና «በቃ አልቋል፤ ዛሬ ማታ እንልቀቀው?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። ለምን ቆይ እንዳልኩ ግን በዚያ ዝናብ ውስጥ በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። እንደነሱ የሚጠይቁ ልጆች ጅማ ውስጥ ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ።

የሠሩት ፋን ፊልም ነው፤ የአድናቂዎች ፊልም። በልጅነታቸው በፍላሽ እየተቀባበሉ ያዩት ስታር ትሬክ የሚባል የአሜሪካ የጠፈር ፊልም ዓለም አለ። ያንን ዓለም ወስደው የራሳቸውን ታሪክ ጨመሩበት። መርከቡ፣ ዩኒፎርሙ፣ የጠፈር ኅብረቱ ስም የሌላ ሰው ነው። ገጸ ባሕርያቱና ታሪኩ የእነሱ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እንደ ኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚታይ ነው። ብዙ ሰው ካሜራ መያዝ፣ ኤዲት ማድረግ፣ ተዋናይ ማሠራት የተማረው የሚወደውን ፊልም ለመምሰል ሲሞክር ነው። እኔም ልጆቹን «ይህን አትሥሩ» ማለት አልፈልግም። መሥራቱ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው አለቃቀቁ ላይ ነው።

ያን ማታ ከልጆቹ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ነገር ነበር። «ገንዘብ አላገኘንበትም፤ ምን ያደርጉናል?» ይሄ አባባል ከአዲስ አበባም ከጅማም ይሰማል። ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ያስጎዳል። በአሜሪካ ሕግ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባል ነገር አለ፤ ያለፈቃድ መጠቀም የሚቻልበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። አራት መመዘኛዎች አሉት። ትርፍ መኖር አለመኖሩ ከአራቱ በአንደኛው ውስጥ ይታያል እንጂ ብቻውን አያድንም።

ይህ የታየበት ትልቁ ጉዳይ አክሳናር የሚባለው ነው። የስታር ትሬክ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መግቢያ የሚሆን የ20 ደቂቃ ያህል ፊልም ለቀቁ። በጣም ተወደደ። ሙሉውን እንሥራ ብለው በኢንተርኔት መዋጮ ጠየቁ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። በታኅሣሥ 2015 የስታር ትሬክ ባለመብቶች ፓራማውንትና ሲቢኤስ ከሰሷቸው። በጥር 2017 ዳኛው የፍትሐዊ አጠቃቀም መከላከያ ለዚህ ፊልም አይሠራም ብለው ወሰኑ። በዚያው ወር ተከራካሪዎቹ ተስማሙ። ስምምነቱ ከ15 ደቂቃ የማይበልጡ ሁለት ክፍሎች፣ ያለማስታወቂያ፣ ዩቲዩብ ላይ እንዲወጡ የሚፈቅድ ነበር። ከሚሊዮን ዶላር ሕልም የተረፈው ይኸው ነው።

ለእኛ ዋናው ግን በመሃል የሆነው ነው። ክሱ ገና ሳያልቅ፣ በሰኔ 2016፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ለአድናቂዎች መመሪያ አወጡ። ይህን ያህል ብትጠብቁ አንነካችሁም የሚል ነው። አንድ ታሪክ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ሁለት ክፍል ከሆነ ድምሩ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ተከታታይ ማድረግ አይቻልም። ርዕሱ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የሚለው ስም አይገባም፤ ከሥር ግን የአድናቂዎች ሥራ መሆኑን የሚናገር ንዑስ ርዕስ ይኖራል። ከዋናው ፊልም ተቆርጦ የተወሰደ ቅንጭብ አይገባም። የሚሠሩት ሰዎች አማተሮች ናቸው፤ አይከፈላቸውም። መዋጮ ከ50 ሺህ ዶላር አይበልጥም። በዲቪዲ አይሸጥም፤ ማስታወቂያ አይገባበትም። ለገበያ የወጣ ዩኒፎርም ወይም ዕቃ ከተጠቀማችሁ ኦሪጅናሉ ይሁን፤ ፎርጅድ አይሁን። ስድብ፣ እርቃን፣ መጠጥ፣ ሲጋራና አደንዛዥ ዕፅ አይታይበት።

አሁን የልጆቹን ፊልም በዚህ ወንፊት እናጥልለው። 14 ደቂቃ ነው፤ ገደቡን ሳያውቁት ጠብቀውታል። ማንም አልተከፈለውም። መዋጮውም ከቤተሰብና ከጓደኛ በቴሌብር የመጣ ትንሽ ብር ነው። እስከዚህ መልካም። ርዕሱ ላይ ግን «ስታር ትሬክ ጅማ» ብለው በትልቁ ጽፈዋል። መክፈቻው ላይ የታወቀው የፊልሙ ዜማ አለ። መርከቡ ፕላኔት ሲዞር የሚያሳየው ስድስት ሰከንድ በቀጥታ ከዋናው የተቆረጠ ነው። ደግሞ መካከል ላይ የመርከቡ ሠራተኞች ጫት ይዘው የሚጨዋወቱበት ቦታ አለ። ይህን ትዕይንት ሲጽፉት የሚያውቁትን ሕይወት ማስገባታቸው ነበር፤ ጅማ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። መመሪያውን የሚያነብ ሰው ግን እንደዚያ አያየውም።

ከአራቱ ሦስቱን በአንድ ቀን ማስተካከል ይቻላል። ርዕስ ይቀየራል። ዜማው ይወጣል። የስድስት ሰከንዱ ቅንጭብ በራስ በተሠራ ምስል ይተካል። የጫቱ ትዕይንት ግን እንደገና መቀረጽ ነበረበት፤ ምክንያቱም የታሪኩ ቁልፍ ንግግር ያለው እዚያ ላይ ነው። ስክሪፕቱ በሚጻፍበት ጊዜ መመሪያው ተነቦ ቢሆን ኖሮ ያ ንግግር ከመጀመሪያው ቡና ላይ ይሆን ነበር። ጅማ ተቀምጦ ደግሞ ለጠፈር መርከብ ቡና ማፍላት ምን ያህል ያምር ነበር! ፊልም መልቀቅ የሚጀምረው አፕሎድ የሚለውን ስንጫን አይደለም። ወረቀቱ ላይ ነው የሚጀምረው።

አንድ ነገር ግን መሳሳት የለበትም። ያ መመሪያ ፈቃድ አይደለም። ኩባንያዎቹ «እነዚህን ከጠበቃችሁ አንቃወማችሁም» ነው ያሉት፤ የመለወጥና የመሰረዝ መብታቸውንም ይዘዋል። ቃል ነው እንጂ ውል አይደለም። ይህን ቃል የሰጠውም የስታር ትሬክ ባለቤት ብቻ ነው። ሌላው ባለቤት ሌላ ጠባይ አለው። ስታር ዋርስ የሚባለው ሌላ የጠፈር ፊልም ባለቤት ሉካስፊልም ከ2002 ጀምሮ ለዓመታት የአድናቂዎች ፊልም ውድድር ሲያዘጋጅና ሲሸልም ነበር። ዋርሃመር የሚባለው ጨዋታ ባለቤት የሆነው የእንግሊዙ ኩባንያ ጌምስ ወርክሾፕ ደግሞ በ2021 ባወጣው መመሪያ በእሱ ዓለምና ገጸ ባሕርያት ላይ ፋን ፊልምና አኒሜሽን ጭራሽ እንዳይሠራ ከልክሏል። ስለዚህ «እገሌ ለቆ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። የእገሌ ፊልም ባለቤቱ ማነው? መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት። ሙዚቃ የፊልሙ ባለቤት ብቻ ንብረት ላይሆን ይችላል። የሙዚቃ አሳታሚ የሚባል ሌላ ኩባንያ አለ። በ2018 መጨረሻ ላይ በስታር ዋርስ ዓለም ውስጥ ስላለው ክፉ ገጸ ባሕርይ ስለ ዳርት ቬደር የተሠራ የአድናቂ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ወጣ። አዘጋጁ ከፊልሙ ገንዘብ ላለመውሰድ ተስማምቶ ነበር፤ ሙዚቃውንም በራሱ አቀናባሪ ነው ያሠራው። አዲሱ ሙዚቃ ውስጥ ግን የታወቀው የቬደር ማርሽ ቅላጼ ይሰማ ነበር። በጥር 2019 የሙዚቃ መብት ጥያቄ ቀረበበት። ማስታወቂያ ተለጥፎበት ገቢው ለባለመብቶቹ ሊሄድ ነው ማለት ነው። አድናቂዎች ተቆጡ፤ በመጨረሻ ሉካስፊልም ራሱ ጣልቃ ገብቶ ጥያቄው ተነሳ። ያ ሰው ብዙ ተከታይ ነበረው። ጅማ ያለ ልጅ ግን 200 ሰብስክራይበር ይዞ ማን ይቆጣለታል?

ደግሞ ዜማውን በኪቦርድ እንደገና መጫወት መፍትሔ ይመስላል። አይደለም። ቅጂው የእናንተ ይሆናል፤ ድርሰቱ ግን ያው የሌላ ነው። የኛ ሀገር ዘፈን ከሥር ማስገባትም ያው ነው፤ የታወቀ ድምፃዊ ከሆነ አንድ ሰው መብቱን ይዞታል። ያለው ንጹሕ መንገድ አዲስ መሥራት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ክራር የሚመታ ጓደኛ ፈልጉ፤ በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አዲስ ነገር ይምታላችሁ፤ በቀረጻው ላይ ዘገም ያለ ማሚቶ ጨምሩበት። ጠፈር ይሆናል። የሰማሁት ስለሆነ ነው የምናገረው።

ለምስሉም እንዲሁ የተከፈተ በር አለ። ናሳ ያነሳቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፤ መውሰድ ይቻላል። አርማውን ግን አትጠቀሙ። የሃብል ቴሌስኮፕን ምስሎች ከአውሮፓው የጠፈር ኤጀንሲ የምትወስዱ ከሆነ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው። ለስድስት ሰከንዱ የመርከብ ቅንጭብ የተገኘው መፍትሔ ይኸው ነበር፤ የናሳ ምስል ከኋላ፣ ብሌንደር በሚባል የአኒሜሽን ሶፍትዌር የተሠራች ትንሽ መርከብ ከፊት። ብሌንደር ነፃ ነው። በ2025 ለአኒሜሽን ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያ ፊልም የተሠራውም በዚሁ ሶፍትዌር ነው። ላፕቶፑ ያቺን ስድስት ሰከንድ ሬንደር ለማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ፤ መብራት ባለመጥፋቱ ፈጣሪን አመሰገንን።

ዩቲዩብ እንዴት እንደሚሠራም መታወቅ አለበት፤ ሁለት ነገሮችን ሰው ያምታታል። አንደኛው ኮንተንት አይዲ ነው። ቪዲዮ ሲጫን ማሽኑ ድምፁንና ምስሉን ባለመብቶች ካስቀመጡት ጋር ያነጻጽራል። ከተመሳሰለ ጥያቄ ይመጣል። ማስታወቂያ ሊገባበት፣ በአንዳንድ ሀገር ሊዘጋ ይችላል። ቻናሉ ላይ ግን ቅጣት አይጣልም። ሁለተኛው ስትራይክ ነው። ባለመብቱ ራሱ በሕግ ማመልከቻ አቅርቦ ቪዲዮውን ሲያስወርድ ነው የሚመጣው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል። ሌሎቹ ቪዲዮዎችም፣ የእህት ሠርግም፣ የሰፈር ኳስም አብረው ይሄዳሉ።

«እንከራከራለን» ማለት ይቻላል። መልስ ማቅረቢያ አለ። ግን ሙሉ ስምና አድራሻ ይሰጣል፤ ከአሜሪካ ውጪ ያለ ሰው ዩቲዩብ ባለበት በካሊፎርኒያ ያለውን የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን እንደሚቀበል ይፈርማል። ማመልከቻ አቅራቢው ክስ ለመመሥረት 10 የሥራ ቀን አለው። መብቱ በትክክል የእናንተ ከሆነ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው። ካልሆነ ግን ለስድስት ሰከንድ ቅንጭብ ካሊፎርኒያ ድረስ ስም መላክ አይመከርም።

የሀገራችን ሕግስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይህኛው ዓመት በኛው አቆጣጠር ነው። አንድን ሥራ የመተርጎም፣ ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ፣ ለሕዝብ የማሰራጨት መብት የደራሲው ነው ይላል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሰዎች ሕጉን እንደ ዱላ ብቻ ያዩታል። ልጆቹንም ይጠብቃቸዋል እኮ! የክራሩ ዜማ፣ የጻፉት ንግግር፣ ለመርከቡ የሣሉት ሥዕል የእነሱ ነው። ስለዚህ ማን ምን እንደሠራ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ሁሉም ቢፈርሙበት መልካም ነው። የተዋናዮችም ፈቃድ እንዲሁ፤ ዕድሜው ያልደረሰ ካለ ወላጅ ይፈርማል። ከጓደኛ ጋር ወረቀት መፈራረም ያሳፍራል ይባላል። ከጓደኛ ጋር ዩቲዩብ ላይ መጣላት ግን የባሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ታዲያ ለምን የራሳችንን ዓለም አንሠራም?» ብላ ጠየቀች ከአምስቱ አንዷ። ኤዲተሯ ነች። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2019 ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካዱና ከተማ ውስጥ ያሉ ታዳጊዎች ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ሳይንስ ፊክሽን እየሠሩ ዩቲዩብ ላይ ሲለቁ ዓለም አወቃቸው። የ10 ደቂቃዋን ፊልም ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጅቶባቸዋል። የእኛን ልጆች ስምንት ወር አስታወሰኝ። ታሪኩ የራሳቸው ስለነበር ማንም ሊነጥቃቸው አልቻለም፤ የታዋቂ ዳይሬክተር ዕርዳታም መጣላቸው። ደቡብ አፍሪካዊው ኒል ብሎምካምፕ በ2005 ጆሃንስበርግ ላይ የስድስት ደቂቃ ያህል አጭር ፊልም ሠራ። ያቺ አጭር ፊልም በ2009 ወደ ሙሉ ፊልም አደገች፤ ለአራት ኦስካርም ታጨች። የሌላ ሰው ዓለም ውስጥ የተሠራች ብትሆን ኖሮ እንዲህ ማደግ ባልቻለች። ባለቤቱ «በቃ» ሲል ታሪኩ እዚያው ይቆም ነበር።

ጅማ ደግሞ የሳይንስ ፊክሽን ድሃ አይደለችም። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ቡና ላይ መመራመር ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የዓረቢካ ቡና መገኛው የእኛው ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ምድር ከሞቀች በኋላ የመጨረሻውን የጫካ ቡና ዘር ይዞ የሚሄድ መርከብ አስቡ። የግልገል ጊቤን ግድብ ከሩቅ ያየ ሰው የጠፈር ጣቢያ መምሰሉን አያጣውም። ጂሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት በማታ ብርሃን የሌላ ፕላኔት ምክር ቤት ይሆናል። በእርግጥ ለቀረጻ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ቢሆንም ለኤዲተሯ «ይህን ጣሉትና ያንን ጀምሩ» አላልኳትም። ስምንት ወር የተደከመበትን ፊልም መቅበር ትክክል አይመስለኝም። ይህን ጨርሱ፤ በሥርዓቱ ልቀቁት፤ ቀጣዩ የራሳችሁ ይሁን። ፋን ፊልም ላይ ሰፍሮ መቅረት ነው የሚያሳስበኝ።

የአለቃቀቁ ዝርዝር ቀላል ነው። አካውንቱ በስልክ ቁጥር ይረጋገጥ፤ ያለዚያ ከ15 ደቂቃ በላይ አይጭንም፤ የራስን የሽፋን ፎቶም አያስቀምጥም። መጀመሪያ ለሰው በማይታይ መልኩ ይጫን። ዩቲዩብ ከመለቀቁ በፊት የቅጂ መብት ፍተሻ ያደርጋል፤ ችግር ካለ ማንም ሳያይ እዚያው ይነግራል። የአማርኛ ሳብታይትሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ፊደሉ ተበላሽቶ ሊመጣ ይችላል። እኔ ያረምኩት ፋይል በመጀመሪያው ሙከራ እንደዚያ ሆኖ ነበር። አፋን ኦሮሞ ደግሞ አይቅር። ፊልሙን ጅማ ላይ ሠርቶ የጅማን ሰው ግማሽ መተው አይገባም። እንግሊዝኛውም ይጨመር፤ በሌላ ሀገር ያሉት አድናቂዎች የሚያገኙት በእሱ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ቴሌግራም ነው። ሰው ዳታ ይቆጥባል፤ ሊንክ ሲልኩለት «ፋይሉን ላኩልኝ» ይላል። ፋይሉ አንዴ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ከዚህ በፊት ከጓደኞቼ ጋር የሠራናት አጭር ቪዲዮ በማናውቀው ቻናል ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎባት አግኝተናታል። ያኔ የተናደድነው በገንዘቡ ነበር። ለፋን ፊልም ግን ነገሩ ከንዴት ያልፋል። እናንተ «ገንዘብ አንሠራበትም» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ በእናንተ ስም የሚዞረው ቅጂ ግን ለሌላ ሰው ገንዘብ እየሠራ ነው። ባለመብቱ ሲመጣ ክሬዲቱ ላይ የሚያነበው የእናንተን ስም ነው። ስለዚህ ፊልሙ መጀመሪያ ላይም መጨረሻ ላይም «ይህ ሥራ አይሸጥም፤ የሚገኘው በዚህ ቻናል ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ይግባ። ቴሌግራም ላይ የአንድ ደቂቃ ቅምሻና ሊንኩ ብቻ ይላክ። ሌላ ቦታ የተጫነ ካገኛችሁ አስወርዱት፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ በየቀኑ ፈልጉ።

የጫቱን ትዕይንት እሑድ ዕለት እንደገና ቀረጹት። አሁን በጠፈር መርከብ ውስጥ ጀበና አለ። ዝናቡ አልቆመም ነበር፤ ንግግሩን ማታ ጋብ ሲል ጆንያው ሥር ሆነው እንደገና ቀዱት። ርዕሱ ተቀየረ። ክሬዲቱ ላይ ዩኒፎርሙንና አረንጓዴውን ጨርቅ የሰፉት የመርካቶው ልብስ ሰፊ ስም ገባ።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጋ ሄደን ፊልሙ ማክሰኞ ማታ እንደሚወጣ ነገርናቸው። የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ «በቴሌግራም ላኩልኝ እንጂ፣ እኔ ዩቲዩብ ካርዴን ይበላብኛል» አሉ። ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ኤዲተሯ ላፕቶፑን ከቦርሳዋ አውጥታ የተቆረጡትን ጨርቆች ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረገችና «ጋሼ፣ እዚሁ እናሳይዎታለን፤ 14 ደቂቃ ብቻ ነው» አለቻቸው። መኪናውን አቆሙ።